ምዕራፍ 7፦ ሳይታረም አይመሰከርም

የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ተምሮ የጨረሰ ሰው ጋይንት ድረስ የሚሄደው አዲስ ዜማ ፍለጋ ላይሆን ይችላል። ዜማውን በሌላ ደብር፣ ከሌላ መምህር እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ አጥንቶታል፤ መጽሐፉንም በገዛ እጁ ጽፎታል። እዚያ ካለው ከቤተ ልሔም ደብር የሚደርሰው የጻፈው እንዲታይለትና እንዲታረምለት፣ ያጠናውም እንዲሰማለት ነው። ይህ ሲሆን «አስመሰከረ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ደብር ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምር የሚከራከረው የለም።

ዛሬ በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ የሚያሳትም ደራሲ ግን ብቻውን ይጽፋል፣ ብቻውን ያርማል፣ ለማተሚያ ቤት ይበደራል፣ ከአከፋፋይ ጋር ይከራከራል። የመጽሐፉ ምረቃ ሲደርስ ወዳጆቹ ተሰብስበው ያመሰግኑታል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘግይቷል። በገጽ 40 ላይ የሞተው ገጸ ባሕርይ በገጽ 112 ላይ ቡና ሲጠጣ የተገኘው ከኅትመት በኋላ ከሆነ ወዳጅነቱ ምን ጠቀመ?

ደራስያን እርስ በርስ በሦስት መንገድ ይረዳዳሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል፤ አንዱ ስለሌላው ይመሰክራል፣ ያስተዋውቃልም፤ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። በአገራችን ከሦስቱ የምናበዛው ሁለተኛውን ነው። የቤተ ልሔምና የአካባቢው ጉባኤ ቤቶች ልምድ የሚያሳየን ሦስቱም ተራ እንዳላቸው፣ የመጀመሪያው ካልቀደመ ሁለቱ ዋጋ እንደሚያጡ ነው።

የምስክር አገር

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የጉናን ተራራ አልፎ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ከዚያ መንገድ ወደ ደቡብ ያለው የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ደጋና ገደል የተፈራረቀበት ነው። በዚህ አገር ውስጥ ያሉት ጉባኤ ቤቶች ሥራ ተከፋፍለዋል። ለድጓ ምስክሩ ቤተ ልሔም ነው። ለዝማሬና መዋሥዕት ምስክሩ እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አባ ነው። እስቴ ላይ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ በስሙ የሚጠራ የራሱ የዜማ ስልት ያለው ደብር ነው። አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል፤ ቅዳሴ የፈለገ ሌላ መንገድ ይዞ ይጓዛል። ሁሉን አውቃለሁ፣ ሁሉን እኔ እመሰክራለሁ የሚል ደብር የለም።

ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት በግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ጠፍተው፣ ብዙ መምህራን አልቀው ነበር። ከዚያ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የዜማውን ምልክት ሥርዓት አስያዙ። የሁለቱ ስም እስከ ዛሬ ሲነሣ አብሮ ነው፤ ጌራ ብሎ ራጉኤልን የሚተው ሰው አይገኝም። የቅዱስ ያሬድን ሥራ ያጸኑት እነሱ ናቸው፤ የያሬድን ስም ፍቀው የራሳቸውን አልጻፉም።

እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቤተ ልሔም ላይ በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸሽጎ ስላገኘው ጥንታዊ ሕንፃ በመደነቅ ጽፏል። ለእሱ አዲስ ግኝት ነበር። የትግራይ፣ የጎጃም፣ የሸዋና የወሎ ድጓ ተማሪ ግን ደብሩን ሳያየው በስሙ ያውቀዋል። ይህን ዝና የተሸከመው ጋዜጣ ወይም ራዲዮ አይደለም፤ እዚያ ታርሞ የተመለሰ እያንዳንዱ መሪጌታ «የት አስመሰከርህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ነው። ማስተዋወቅ ማለት በመጨረሻው ሲታይ ይኸው ነው፤ የሠራኸውን ሥራ ሌላ ሰው በሌላ አገር በኩራት ሲጠራው።

እርማት፦ የመጀመሪያው ውለታ

የድጓ ምልክት በቃሉ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚሰፍር ነው። አብዛኛው ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሲሆን አንባቢው ፊደሉን ሲያይ ሙሉውን ሐረግ በቃሉ ያስታውሳል። ከእነዚህ ሌላ እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ያሉ ምልክቶች አሉ። ስለዚህ በድጓ ላይ የአንድ ፊደል ስሕተት ተራ የአጻጻፍ ግድፈት ሆኖ አይቀርም። ፊደሉ ከተለወጠ ዘማሪው ሳያውቅ ወደ ሌላ ዜማ ይገባል፤ ከእሱ የሚገለብጠውም ስሕተቱን ይወርሳል፤ የወራሹም ተማሪ እንደዚሁ። አንድ ያልታረመ ድጓ ሦስት ትውልድ ያሳስታል። የእርማቱ ጥብቅነት ከዚህ የመጣ ነው።

በቅኔ ቤት ደግሞ እርማቱ የየዕለት ሥራ ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲጠና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቆጥሮ ሲመለስ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ልኩና ቤት መምቻው ነው። ቀጥሎ አገባቡ ይታያል፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቷል ወይ ይባላል። ከዚያ ሰሙና ወርቁ ይመረመራሉ፤ በመጨረሻም ምሥጢሩ ከታሪኩና ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል ወይ ይባላል። ቅኔው ከታረመ በኋላ ተማሪው ነገ ያንኑ ይዞ አይመጣም። አዲስ ቆጥሮ ይመጣል፤ የትናንቱ ስሕተት በዛሬው ሥራ ላይ ካልታየ እርማቱ ገብቶታል ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር ለዛሬ ደራሲ የሚጠቅሙ አራት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ እርማት ደረጃ አለው። የረቂቅ አንባቢ ሁሉን በአንድ ጊዜ ልይ ካለ ምንም አያይም። ልብ ወለድ ከሆነ በመጀመሪያው ንባብ የታሪኩ አካሄድ፣ በሁለተኛው የገጸ ባሕርያቱ ንግግር፣ በሦስተኛው ቋንቋውና ፊደሉ ቢታይ ይሻላል። ምዕራፉ ጭራሽ ሊሰረዝ በሚችልበት ጊዜ የምዕራፉን ነጠላ ሰረዝ ማረም የሁለት ሰው ድካም ማባከን ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ይሰማ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በዓይን ሲታይ የሸሸገውን ጉድለት በጆሮ ሲሰማ ይገልጣል። ግስ ከመጨረሻ ስለሚመጣ ረጅም ዐረፍተ ነገር አንባቢውን ትንፋሽ አሳጥቶ እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ያንጠለጥለዋል። ደራሲው ራሱ ሲያነብ ያቃናዋል፤ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብለት ግን የት ላይ እንደተሰናከለ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ አምስትና ስድስት ሆነው የሚገናኙ ደራስያን የራሳቸውን ሳይሆን አንዱ የሌላውን ገጽ ቢያነቡ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ የሚያርም ሰው መምህር ብቻ አይደለም። በቅኔ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ይዞ ያስቆጥራል። መምህሩ ለሁሉ አይደርስምና ሸክሙ በተማሪዎቹ መካከል ይከፋፈላል። ጥቅሙ ለታናሹ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ስሕተት እየፈለገ የዋለ ሰው ማታ የራሱን ሲቆጥር ዓይኑ ተስሎለታል። የሌላ ደራሲ ረቂቅ ማንበብ ለሌላው የሚሰጥ ምጽዋት ከመሰለን ተሳስተናል፤ ከሁሉ የረከሰው የጽሕፈት ትምህርት ቤት እሱ ነው።

አራተኛ፣ አራሚ ስሕተትን ያሳያል፤ ድርሰቱን አይቀማም። «ይህ ቤት አይመታም» ማለት እርማት ነው። «እኔ ብሆን እንዲህ እቀኝ ነበር» ማለት ግን የራስን ቅኔ በሰው አፍ ማስነገር ነው። ደራሲው ራሱ እንዲያቃናው የተተወለት ስሕተት ሁለተኛ አይመለስም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። ድጓ የሚመሳከርበት አንድ የታወቀ መልክ አለው፤ ትክክሉና ስሕተቱ ይለያል። ልብ ወለድና ግጥም እንዲህ አይደሉም። ስለዚህ የዛሬ አራሚ ሁለት ዓይነት አስተያየት እንዳለው አውቆ መለየት አለበት። «በ1966 አብዮት ጊዜ ይህ መሥሪያ ቤት በዚህ ስም አይጠራም ነበር» የሚለው የዕውቀት ነው፤ ደራሲው ሊቀበለው ይገባል። «መጨረሻው ሐዘን በዛበት» የሚለው ግን የጣዕም ነው፤ ደራሲው ሰምቶ የመተው ሙሉ መብት አለው። ብዙ የደራስያን ስብስብ የሚፈርሰው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ቤተ ልሔምና ቆማ በአንድ አገር ጎረቤት ሆነው የተለያየ ስልት ይዘው መዝለቃቸው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ የጣዕም ልዩነት መለያየትን ግድ አያደርግም።

ምስክርነት፦ ወዳጅ ሲያርም፣ እንግዳ ሲመሰክር

ያስተማረ መምህር ስለ ተማሪው ጥሩ ቢናገር አይገርምም። የምስክር ቦታው ዋጋ ከማስተማሪያው ቦታ መለየቱ ላይ ነው። ተማሪው ከለመደው መምህር ወጥቶ፣ ከማያውቁት ሊቃውንት ፊት ይቆማል። እነሱ ደግሞ የደብራቸው ስም አለባቸው፤ ያልበሰለውን በስሏል ብለው ቢልኩት ነገ ሕዝብ ፊት ሲሳሳት የሚጠራው የእነሱ ስም ነው።

ይህ የአራሚና የመስካሪ መለያየት በመጽሐፍ ዓለም እምብዛም አይጠበቅም፤ በእኛ አገርም ብቻ አይደለም። ኦክስፎርድ ላይ «ኢንክሊንግስ» በሚባል የወዳጆች ስብስብ ውስጥ ጄ. አር. አር. ቶልኪንና ሲ. ኤስ. ሉዊስ ረቂቃቸውን እያነበቡ ይተራረሙ ነበር። ቶልኪን ረጅሙን ልብ ወለዱን ለመጨረስ የሉዊስ ግፊት እንደጠቀመው ራሱ መስክሯል። የወዳጅነታቸው ትልቁ ፍሬ ይህ ነው። ነገር ግን የቶልኪን «ዘ ሆቢት» በ1937 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በለንደን የታወቀው የመጻሕፍት ጋዜጣ ላይ ያሞገሰው ያልተፈረመ ጽሑፍ የሉዊስ ነበር። መጽሐፉ ምስጋናው ይገባው ነበር፤ የጋዜጣው አንባቢ ግን የሚያመሰግነው ሰው የደራሲው ወዳጅ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በእኛም ዘንድ በጀርባ ሽፋን ላይ የሚወጣው አስተያየት ብዙ ጊዜ ከደራሲው ቅርብ ወዳጅ የተገኘ ነው። አንባቢ ይህን ስለሚያውቅ አያምነውም፤ ስለማያምነው ምስጋናው ይጋነናል፤ ሲጋነን አንባቢው ጭራሽ ያጣጥለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በረቂቅ ጊዜ አብሮ የደከመ ሰው ስሙ በምስጋና ገጽ ይውጣ እንጂ በምስክርነት ገጽ አይውጣ። ምስክርነቱ ረቂቁን ላላየ፣ ከተቻለም በሌላ ስልት ለሚጽፍ ሰው ይተው። ሁለት የደራስያን ስብስቦች ቢኖሩ፣ አንዱ የጎንደር ሌላው የደሴ ቢሆን፣ መጽሐፍ ተለዋውጠው በግልጽ ቢጽፉ ከሃያ የምረቃ ንግግር የበለጠ ያስተዋውቃሉ። የሚጽፈውም ሰው «ደራሲውን አውቀዋለሁ» ወይም «አላውቀውም» ብሎ ቢጀምር አንባቢ ሚዛኑን ራሱ ይይዛል።

ማስተዋወቅ፦ የሌላውን ሥራ በራስ ድምፅ

ቅኔ በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ባለቅኔው ራሱ ላያዜመው ይችላል። በጆሮው እየነገረው ሌላ ድምፀ መልካም ሊቅ ተቀብሎ በዜማ የሚያደርስበት ልማድ አለ። የሌላው ድምፅ የዚህን ምሥጢር ይሸከማል። እንግዳ ሊቅም ቅኔ እንዲሰጥ ይጋበዛል፤ የደብሩ ሊቃውንት ተራቸውን ይለቁለታል። አንድ ባለቅኔ በማያውቁት ሰዎች መካከል የሚታወቀው እንዲህ ነው።

የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ ደግሞ ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ምድር ይነሣል። አለቃ ፎገራ ተወልደው በጎንደር የታወቁ ሊቅ ነበሩ። አዲስ የአቋቋም ስልት ባወጡ ጊዜ ነባሮቹ ሊቃውንት ወዲያው እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። ስልቱን ተምሮ ያስፋፋው ልጃቸው ተክሌ ነው። ዛሬ ስልቱ የሚጠራው በአባትየው አይደለም፤ «የተክሌ አቋቋም» ነው የሚባለው፤ ምስክሩም ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው። ያፈለቀው አንድ ሰው፣ ያደረሰው ሌላ ሰው። ሕዝቡ ለአድራሹ የሰጠውን ክብር ስናይ ማስተዋወቅ ከድርሰት ያነሰ ሥራ ተደርጎ እንዳልተቆጠረ እንረዳለን።

በኅትመት ዘመን ይህን ሥራ በሰፊው ከሠሩት ደራስያን አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የራሳቸውን ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። ከዚያ በፊት ግን በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዘርዝረው አሳተሙ። ኋላም የሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. አወጡ። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም ራሳቸው የታወቁ ባለቅኔ ሳሉ በ1963 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፈ ቅኔ «ዝክረ ሊቃውንት» ውስጥ የሌሎችን ቅኔ ከነባለቤቱ ስም ይዘውልናል። ቅኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልፍ በመሆኑ እነዚህ ሰዎች ባይሰበስቡት ኖሮ የብዙ ባለቅኔ ስም ከተቀኘበት ዕለት አያልፍም ነበር።

የዛሬ ደራሲ ይህን በትንሽ ወጪ ሊያደርገው ይችላል። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ባዶ የሚቀር ገጽ አለ። እዚያ ላይ የራስን ያለፉ ሥራዎች ከመደርደር ይልቅ የአራት ሌሎች ደራስያንን መጽሐፍ ከሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ጋር ማውጣት ይቻላል። አምስት ደራስያን ይህን ቢስማሙ የእያንዳንዱ ስም በአራት ሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ይገባል፤ ማስታወቂያውም መጽሐፍ የሚገዛ ሰው እጅ ላይ እንጂ መጽሐፍ በማያነብ መንገደኛ ዓይን ላይ አይወድቅም።

ሥርጭቱም እንዲሁ ነው። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ አዲስ አበባ ታትሞ አዲስ አበባ ይቀራል፤ ከሽፋን ዋጋው ላይ የአከፋፋይና የመደብር ድርሻ ስለሚነሣ ወደ ገጠር ከተማ መላክ ለአንድ ደራሲ አያዋጣም። ለስድስት ደራሲ ግን ያዋጣል። የእስቴ ልጅ ለበዓል ወደ መካነ ኢየሱስ ሲወርድ የራሱን አሥር መጽሐፍ ብቻ ከሚይዝ የስድስቱንም ይያዝ፤ የስማዳው ወደ ወገዳ፣ የጋይንቱ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ አርብ ገበያ እንዲሁ ያድርግ። ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ደግሞ መጽሐፉን አንድ ሰው ገዝቶ ከሚያነበው የበዛ ተማሪ ያነበዋል።

መድረክም ይጋራል። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል በየወሩ ይካሄድ የነበረው የጦቢያ ግጥም በጃዝ ዝግጅት ብቻውን አዳራሽ መሙላት የማይችለውን አዲስ ገጣሚ ከታወቀው ጋር አንድ መድረክ ላይ አቁሞታል። የታወቀው ሰው ሕዝቡን ይጠራል፤ አዲሱ ይሰማል።

ድጋፍ፦ ቁራሹና ዕቁቡ

የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ የሚለምነው ቁራሽ ጉባኤ ቤቱን ያቆመ ኢኮኖሚ ነው። ያገኘው ላላገኘው ያካፍላል፤ የታመመው የጓደኛውን ቁራሽ ይበላል። ገበሬውም ቁራሹን ሲሰጥ የሊቅ ማደጊያ ዋጋ እየከፈለ እንደሆነ ያውቃል። ድሎት የለውም፤ ቢሆንም ብዙ ተማሪ በረሃብ ምክንያት ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አድርጎታል።

የዛሬ ደራሲ ረሃቡ የኅትመት ወጪ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርታኢ መድቦ ያሳትም ነበር፤ በዚያው ዘመን ሳንሱርም ነበረበት። ያን ጊዜ የመንግሥት አሳታሚ ያደርገው የነበረውን ሁሉ ዛሬ ደራሲው ከኪሱ ያደርገዋል። ለዚህ የምናውቀው መሣሪያ ዕቁብ ነው። ለምሳሌ ስምንት ደራስያን በወር አራት አራት ሺህ ብር ቢጥሉ በየወሩ 32,000 ብር ይወጣል። ይህ ሙሉውን የኅትመት ዋጋ ባይሸፍን እንኳ ለማተሚያ ቤት ቅድመ ክፍያ ይረዳል፤ ከአራጣ አበዳሪም ያድናል። ከተለመደው ዕቁብ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ተራውን ዕጣ አይወስነው። በስብስቡ ታርሞ ያለቀ ረቂቅ ያለው ሰው ይቅደም። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ እርማቱን ያስከብራል፤ ያልተዘጋጀ ሥራም ዕጣ ስለወጣለት ብቻ ወደ ማተሚያ ቤት አይሮጥም።

ገንዘብ ባለበት ጽሑፍ ይኑር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድርሰትን የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በጋራ የግጥም መድበል የሚያሳትሙ ሰዎች የእያንዳንዱ ግጥም መብት የገጣሚው እንደሆነ፣ ሁለተኛ እትም ቢወጣ ማን እንደሚፈቅድ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል በአንድ ገጽ ተፈራርመው ቢጀምሩ ወዳጅነታቸው ከመጽሐፉ በፊት አያልቅም።

ድጋፍ ለማን ይድረስ የሚለውም መነሣት አለበት። የቅኔ ቤት በር ለዘመናት ለሴቶች ሰፊ አልነበረም። ሆኖም ጎጃም ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው በልጅነት ጠፍቶ ሳለ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው የአባታቸውን ጉባኤ ተረክበው አስተምረዋል። አንድ አባት ልጁን ከወንዶቹ ጋር ስላስቀመጠ አንዲት ሊቅ ተገኘች። ስንት ሌላ ሊቅ ሳትገኝ እንደቀረች መገመት ይቻላል። የዛሬ የደራስያን ስብስብ በሚሰበሰብበት ሰዓትና ቦታ፣ በሚጠራቸውም ሰዎች ማንን እንደሚያስቀር ቆም ብሎ ቢያይ የራሱ ጥቅም ነው።

የሌላውን ሥራ መጨረስ

ደራሲ ለደራሲ ካደረገው ውለታ በአገራችን ከሁሉ የሚልቀው በአንድ መዝገበ ቃላት ላይ ይታያል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይጨርሱ ሞቱ። ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አደራ አሉ። ኪዳነ ወልድም የመምህራቸውን ስም እንደ አባት ስም ይዘው «ኪዳነ ወልድ ክፍሌ» ተባሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገበ ቃላቱን ሲያስፋፉ ኖረው በ1936 ዓ.ም. እሳቸውም ሳያሳትሙት ዐረፉ። አደራው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ። ደስታ ሥራውን አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ብለው በኪዳነ ወልድ ክፍሌ ስም አሳተሙት። የራሳቸው ታላቅ ሥራ፣ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። አስተውሉ፤ ደስታ የሌላውን መጽሐፍ ከራሳቸው አስቀደሙ፤ በሌላው መጽሐፍ ላይ የደከሙበት ዕውቀትም የራሳቸውን መጽሐፍ አበሰለላቸው።

መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው ቀድተው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። ያን ጊዜ መንግሥቱ የታወቁ ገጣሚና ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ የራሳቸውን ድርሰት ሊጽፉበት በሚችሉት ጊዜ የሌላ ሰው ድምፅ ጻፉ። በዚያ መጽሐፍ ምክንያት የቅኔ ተማሪው ኑሮ፣ ጉዞና ጨዋታ በባለቤቱ አንደበት ደርሶናል።

በየከተማው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የሞተ ሰው ረቂቅ አለ። በየገጠሩም ጽፎ የማያውቅ፣ ነገር ግን ተናግሮ የማይጠገብ ሽማግሌ አለ። አንድ የደራስያን ስብስብ በዓመት አንድ እንዲህ ያለ ሥራ አንስቶ በባለቤቱ ስም ለማተሚያ ቢያበቃ፣ አባላቱ ጥቅምን ከመቁጠር ነፃ በሆነ ሥራ ላይ አብረው መሥራት ይለምዳሉ። ከዚያ በኋላ የገዛ ረቂቃቸውን ሲተራረሙ ቅናት ቦታ ያንሰዋል።

እንግዲህ ስብስብ ለመጀመር የሚያስብ ደራሲ አዳራሽ ከመከራየቱ፣ ስም ከማውጣቱና ማኅተም ከማስቀረጹ በፊት ሦስት ሰው ይፈልግ። ሁለቱ በቅርብ የሚያውቃቸው፣ አንዱ በጽሕፈት ስልቱ የማይስማማው ይሁን። በመጀመሪያው ቀን የራሱን ረቂቅ ይዞ አይሂድ፤ የእነሱን ተቀብሎ ይመለስ። ገጽ በገጽ አንብቦ፣ የዕውቀቱን ስሕተት ከጣዕም አስተያየቱ ለይቶ ጽፎ በቀጠሮው ቀን ይመልስ። ይህን ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ሲያወጣ እንዲያመሰግኑት አይለምናቸውም፤ እንዲያርሙት የመጠየቅ መብት አለው።